ሳህኑ ሳይነሳ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። በፍልሰታ ጾም ከአዲስ አበባ የመጡ የባለቤቴን ዘመዶች ይዘን አንድ ሆቴል ለእራት ገባን። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀን የመጣልን የጾም ሽሮ ቅቤ ነበረበት። እንግዶች ፊት መነጋገሩ አሳፍሮኝ ሙሉውን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ፤ ይኸው አሥር ቀን ሆነው፣ አሁንም ይቆጨኛል። በግንቦት ያሠራሁት የዋንዛ ቁም ሣጥን ደግሞ በሩ አልዘጋ ብሏል። ሠሪው ‹ክረምት ነው፣ ሲደርቅ ይስተካከላል› ይለኛል። ባለቤቴ ሁለቱንም ተዪው ባይ ነው። ለመሆኑ ደንበኛ ቅሬታ ማቅረብ ያለበት መቼ ነው? መተው ያለበትስ?»

ምላሽ፦ የሆቴሉን ገንዘብ ይተዉት ማለታቸው ከሆነ ከባለቤትዎ ጋር እስማማለሁ። በቁም ሣጥኑ ግን አልስማማም። ለሠሪው ዛሬውኑ ያስታውቁ፤ ጥገናውን ግን ዛሬ አያስጀምሩት። ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም፤ ከእራቱ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሥራዬ የሆቴልና የሬስቶራንት ሠራተኞችን በደንበኛ አያያዝ ማሠልጠን ነው። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «ይህን ያህል ጥፋት ለቅሬታ ይበቃል ወይ?» ብለው ነው። የጥፋቱ መጠን ግን ጥሩ መለኪያ ሆኖ አላገኘሁትም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የምነግረው ሰው አሁን ሊያስተካክለው ይችላል? የሚችል ከሆነ ጉዳዩ ጨው የበዛበት ወጥም ቢሆን መናገር ተገቢ ነው። የማይችል ከሆነ፣ ጥፋቱ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ሰው ላይ መጮህ እልህ ከመወጣት አያልፍም። ያኔ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሌላ ቢሮ መፈለግ ነው።

በእራታችሁ ላይ ሁለት ጥፋቶች ነበሩ፤ የሁለቱ ሰዓት ግን አንድ አልነበረም።

የመጀመሪያው መዘግየቱ ነው። ምግብ ሲዘገይ ወጥ ቤቱ ሥራ በዝቶበት ነው ብለን እንታገሳለን። ሊሆን ይችላል። እኔ እንዳየሁት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ትዕዛዝ ብዙውን ጊዜ ወረፋ የያዘ ሳይሆን የጠፋ ትዕዛዝ ነው። ወረቀቱ ወጥ ቤት አልደረሰም፤ ወይም ምግቡ ለሌላ ጠረጴዛ ወጥቷል፤ አለዚያም የታዘዘው አስተናጋጅ ፈረቃው አልቆ ሲወጣ ለተተኪው ሳይነግር ሄዷል። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ «ትዕዛዛችን ወጥ ቤት መግባቱን አይተህ ትነግረኛለህ?» ይህ ጥያቄ ቁጣ የለበትም፣ እንግዳም አያሳቅቅም፣ አስተናጋጁን ግን በእግሩ ወጥ ቤት ድረስ ያስኬደዋል። «መቼ ይደርሳል?» ብለው ቢጠይቁት የሚያገኙት መልስ የታወቀ ነው፤ «አምስት ደቂቃ»። ይህን ለመመለስ ከቆመበት መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚነሳው ቅሬታ ያለፈውን ሰዓት አይመልስም።

ሁለተኛው ቅቤው ነው፤ ይኼኛውን በዝምታ ማለፍ አልነበረብዎትም። የጣዕም ጉዳይ አይደለምና። ሽሮ ከብዙ ምግቦች ፈጥኖ የሚሠራ ስለሆነ ወዲያው ቢናገሩ ኖሮ እንግዶቹ ጾማቸውን ጠብቀው፣ ትንሽ ዘግይተውም ቢሆን፣ በልተው ይነሱ ነበር። ምግብ አብሳዩም ከሳህኑ ቀምሶ ያረጋግጥ ነበር፤ ሳህኑ ተነስቶ ከታጠበ በኋላ ግን የሚቀመስ ነገር የለም፣ የሚቀረው የእናንተ ቃልና የእነርሱ ቃል ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጾሙ ሽሮ በአንድ ድስት የተሠራ ከሆነ ከዚያው ድስት ለሌሎች ጠረጴዛዎችም እየወጣ ነበር። እነርሱም እንደ እናንተ ጿሚዎች ናቸው።

የሚገርመኝ ነገር አለ። ጅማ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ተለይቶ የሚታረድባት፣ ሁለቱም ወገን ጎን ለጎን የሚኖርባት ከተማ ናት። «ይህ ሥጋ የየትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲያፍርም ሆነ የተጠየቀው ሲቀየም አላየሁም። ጥያቄው የእምነት ጥያቄ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የጾም ምግብ ላይ ሲሆን ግን ያው ሰው በይሉኝታ ይታሰራል። ሁለቱን የሚለያቸው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እንግዶች ፊት መነጋገሩ እንዳሳፈረዎት ጽፈዋል። ተገቢ ስሜት ነው፣ መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ከጠረጴዛው መነሳት። እጅ እንደሚታጠብ ሰው ተነስተው ወደ ገንዘብ ተቀባዩ አካባቢ ይሂዱና ተቆጣጣሪውን ወይም ኃላፊውን ያስጠሩ። እዚያ ቆመው የሆነውንና የሚፈልጉትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፤ «ያዘዝነው የጾም ሽሮ ቅቤ አለበት። እንዲቀየርልንና ከዚያው ድስት ለሌላ ሰው እንዳይወጣ እፈልጋለሁ።» የሚፈልጉትን መናገር የሚረሳ ደንበኛ ብዙ ነው። የተበደለውን በዝርዝር ያወራል፣ መጨረሻ ላይ ግን ኃላፊው ምን ቢያደርግ ደስ እንደሚለው አይናገርም። ኃላፊውም ግራ ስለሚገባው «ይቅርታ» ብሎ ያልፋል። ይቅርታ ብቻ ፈልገው ከሆነ መልካም፤ ሌላ ነገር ፈልገው ከሆነ ግን ይበሉት።

እርስዎ ያልጻፉት፣ እኔ ግን ከብዙ ደንበኞች የምሰማው ሌላም የዝምታ ምክንያት አለ፤ ርኅራኄ። «ብናገር ከልጁ ደመወዝ ላይ ይቆረጣል» ይላሉ። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የተመለሰ ምግብ ዋጋ ከአስተናጋጅ ኪስ የሚወጣበት ቤት አለ። ይሁንና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሕግ ከተፈቀዱ ምክንያቶች ውጭ የሠራተኛን ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ በተፈቀደው ምክንያት እንኳን የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ቅሬታውን ከሰውዬው ላይ አንስተው ሥራው ላይ ማሳረፍ ነው። «ይቺ ልጅ አንገላታችን» ካሉ ተጠያቂ ትሆናለች። «ትዕዛዙ ዘግይቷል፣ ሽሮው ቅቤ አለበት፣ ልጅቷ ግን በሚገባ አስተናግዳናለች» ካሉ ጥያቄው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። ስድብና ማመናጨቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ጥፋቱ የሰው ነውና ሰውየውን ከመጠቆም ወደኋላ አይበሉ።

አንድ ነገር በሠራተኞቹ በኩል ሆኜ ልናገር። ሦስት አራተኛውን ምግብ ከበሉ በኋላ «አልጣፈጠኝም» ማለት ደግ አይደለም። ጉድለቱ ሁለት ጉርሻ ላይ ይታወቃል፤ ያኔ ማቆም ነው።

አሁን ምን ማድረግ ይችላሉ? በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት አገልግሎት የተሰጠው ሸማች በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እርስዎ አሥረኛ ቀንዎ ላይ ስለሆኑ በሕጉ አልዘገዩም። ነገር ግን ማስረጃው ያን ዕለት ማታ ታጥቧል፤ ሒሳቡንም ያለ አንድ ቃል ከፍለዋል። ለአንድ እራት ገንዘብ ብለው የሚገቡበት ክርክር ከእራቱ የበለጠ ያስመርርዎታል። ስለዚህ ገንዘቡን ይተዉት፣ ነገሩን ግን ይንገሯቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ የምሳው ግርግር አልፎ የእራቱ ሳይጀምር፣ ሥራ አስኪያጁን በስልክ ወይም በአካል ያግኙት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታዘዘውንና የቀረበውን ይንገሩትና «ገንዘብ ፈልጌ አይደለም» ይበሉት። ምንም የማይጠይቅ ደንበኛ ሲናገር ሥራ አስኪያጅ ለመከራከር ምክንያት ስለሌለው ያዳምጣል። ደረሰኙ ካለዎት በላዩ ላይ ያለው ቁጥርና ሰዓት ፈረቃውን ለማወቅ ያግዘዋል። ደረሰኝ ካልተሰጠዎት ደግሞ ያ ራሱ ጥፋት ነው፤ ይኸው አዋጅ ነጋዴ ለሸጠው ዕቃም ሆነ ለሰጠው አገልግሎት ወዲያው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ለሆቴሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ፌስቡክ ላይ መጻፍን ግን አልወደውም። ሊያርመው የሚችለው ሰው ሳይሰማ የማይመለከታቸው ሺህ ሰዎች ይሰማሉ። ተናግረው መልስ ካጡ በኋላ ቢጽፉ ሌላ ጉዳይ ነው።

መተው ያለብዎት መቼ ነው ላሉት፣ አጥፊው ሳይጠየቅ ጥፋቱን አይቶ ካስተካከለ ይተዉት። ተከራክረው የተስማሙበት ዋጋ በኋላ ቢቆጭዎት፣ ያም ያለቀ ነገር ነው፤ መከራከር በነበረበት ሰዓት ግን መብትዎ ነበር። አዋጁ ሸማች ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ፣ በአክብሮት የመስተናገድና ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት እንዳለውም ጽፏል። መብራት ጠፍቶ ፀጉር ማድረቂያው ቢቆም የፀጉር ቤቷ ባለቤት ምን ታድርግ? መብራት እንደሌለ እያወቀች አጥባ ካስቀመጠችዎት ግን ይናገሩ። ሁለተኛ የማይረግጡት ቤት ከሆነና ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ዝም ብለው ቢወጡ አልወቅስዎትም። ጤናን፣ እምነትን ወይም የሒሳብ ስህተትን የሚነካ ሲሆን ግን ባይመለሱበትም ይናገሩ።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑ።

ሠሪው «ክረምት ነው» ሲልዎት ዋሽቷል ብዬ አልደመድምም። እንጨት ርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ይሰፋል፤ በቁመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በጅማ ዝናብ ደግሞ ቁም ሣጥን ቤት ውስጥ ቢሆንም ከአየሩ ርጥበት ይጠጣል። በበጋ ተሠርቶ ልክክ ብሎ ይዘጋ የነበረ በር በሐምሌና በነሐሴ ጠርዙ ቢነካካ የሚጠበቅ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ይህን አስቦ በበሩና በማቀፊያው መካከል ክፍተት ይተዋል። የእርስዎ ሠሪ ክፍተቱን አሳንሶት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጉድለት ቢሆንም ቀላል ጉድለት ነው።

ከባዱ ሌላ ነው፤ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ተሠርቶ ከሆነ። እንዲህ ይለዩት። በሩን ቀስ አድርገው እስከሚነካበት ድረስ ይግፉት። በእጀታው በኩል ከላይ እስከ ታች እኩል የሚፋተግ ከሆነ ያበጠ በር ነው፤ በበጋ ይመለሳል። አንዱ ማዕዘን ቀድሞ ነክቶ ሌላው ማዕዘን ወደ ውጭ ቀርቶ ከታየ ግን በሩ ተጣምሟል። የተጣመመ እንጨት ክረምት ስለወጣ ብቻ ይቃናል ብለው አይጠብቁ። ስንጥቅ ካዩ፣ ወይም መጋጠሚያው ከተላቀቀ፣ ይህም ከዚሁ ወገን ነው። ደግሞ ከጀርባና ከመደርደሪያው ያለው ችፑድ ከሆነ ጠርዙን ይዳስሱት፤ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ችፑድ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም።

ያበጠ ብቻ ከሆነ አሁን በመላጊያ አያስልጉት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ አንዳንድ ሠሪም ደንበኛን ለማስደሰት ሲል ይሳሳታል። በነሐሴ ልክ እንዲሆን የተላገ በር በጥር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ያኔ ክፍተቱ ይሰፋና ቁልፉ አልይዝ ይላል። ትክክለኛው የጥገና ጊዜ እንጨቱ ሲደርቅ ነው። «ዛሬ ያስታውቁ፣ ዛሬ ግን አያስጠግኑ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ለምን ዛሬ ታዲያ? የሸማቾች አዋጁ 15 ቀን ዕቃ ላይም ይሠራል፤ ከገዙበት ቀን የሚቆጠር ስለሆነ የእርስዎ ካለፈ ቆይቷል። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲረከቡት ሊያዩት ለማይችሉት ስውር ጉድለት ሻጭን ተጠያቂ ያደርገዋል። የሚጠይቅዎት ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይዘገዩ ለሻጩ ማስታወቅ ነው። ካስታወቁ በኋላ መብትዎን በክስ ለመጠየቅ የአንድ ዓመት ጊዜ አለዎት። ዝም ብለው እስከ ጥር ከጠበቁ ግን ሠሪው «እስካሁን የት ነበሩ?» ይልዎታል፣ ሕጉም ለእርሱ ያደላል። በቃል መንገርዎን «ይለኛል» ካሉት ተረድቻለሁ። በቃል የተነገረ ነገር ግን በጥር ወር ማን ያስታውሰዋል?

አንድ የማጣራው ነገር ቢኖር እንጨቱን የገዛው ማን እንደሆነ ነው። ዋንዛውን ሠሪው ራሱ አቅርቦ ከሆነ ነገሩ በሕግ እንደ ሽያጭ ይታያል፣ ከላይ ያልኩትም ሁሉ ይሠራል። እርስዎ ከገበያ ገዝተው ሰጥተውት እርሱ የእጁን ዋጋ ብቻ ተቀብሎ ከሆነ ግን ሽያጭ አይደለም፤ የሥራ ውል ነው፣ ስለ እንጨቱ ርጥበትም ሙሉ ተጠያቂ ነው ማለት ይከብዳል። ያኔ ሊጠይቁት የሚችሉት «እርጥብ መሆኑን እንደ ባለሙያ እያየህ ለምን አልነገርከኝም?» ብለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ክርክሩ ግን ረጅም ነው።

ለወደፊቱ ቀብድ ሰጥተው ስታሠሩ ከዋጋው ጥቂቱን ተገጥሞ በደንብ ከፍተው ከዘጉት በኋላ የሚከፈል አድርገው ያስቀሩ። በውሉ ላይም «አንድ ክረምት እስኪያልፍ ያለ ክፍያ ያስተካክላል» የሚል መስመር ያስጽፉ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ለመፈረም አያቅማማም። የሚያቅማማ ከገጠመዎት ስለ እንጨቱ ድርቀት በደንብ ይጠይቁት።

ሠሪው እምቢ ቢል ቀጥታ ወደ ቢሮ አይሂዱ። ከሙያ አጋሮቹ የሚያከብረውን አንድ ሰው ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይዘው በሩን ያሳዩ። አናጺ ሥራ የሚያገኘው በስሙ ስለሆነ እኩያው በሩን ሲገፋ ማየት ከብዙ ክርክር ይበልጣል። ይህም ካልሆነ የከተማው አስተዳደር ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የቀድሞው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህም በከተማ ደረጃ የመጀመሪያው በር ይኸው ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው ቋንቋ ቢያስጽፉት ይፈጥናል። ውልዎን፣ የክፍያ ማስረጃዎንና ፎቶዎቹን አያይዙ።

የመብራትና የስልክ ቅሬታ መንገዱ ለየት ይላል፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት 905፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉና ሳይዘጉ የቅሬታውን መዝገብ ቁጥር ይጠይቁ። ያለ ቁጥር የተደወለ ስልክ በማግሥቱ እንዳልተደወለ ነው። ባንክ ከሆነ መጀመሪያ ለራሱ ለባንኩ ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ፣ ከዚያ ለብሔራዊ ባንክ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተዳደራዊ በደል ከሆነ ደግሞ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የእምባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ እርሱም ቢሆን አስቀድመው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አመልክተው እንደሆነ ይጠይቅዎታል።

ለሠሪው የሚልኩት መልእክት ረጅም መሆን የለበትም። የበሩን ፎቶ ከላይም ከታችም አንስተው ከዚህ ጋር ይላኩለት፦

«ጤና ይስጥልኝ። በግንቦት ያስረከቡኝ የዋንዛ ቁም ሣጥን በሩ አይዘጋም፤ ፎቶውን ልኬያለሁ። ሲደርቅ ይስተካከላል ስላሉኝ ክረምቱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። በጥር መጥተው እንዲያዩልኝ፣ ያኔም ካልዘጋ በሩን እንዲቀይሩልኝ እፈልጋለሁ። መልእክቱ ሲደርስዎት ያሳውቁኝ።»

ከበሩ ላይ መጣመሙን ካዩ ደግሞ «ክረምቱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ» የሚለውን አውጥተው «በዚህ ሳምንት መጥተው ይዩልኝ» ይበሉ። በምላሹ «እሺ» ብቻ ቢጽፍልዎት እንኳን አያጥፉት። በጽሑፍ ሳይመልስ ቢደውል ስልኩን እንደዘጉ «አሁን በስልክ እንደተነጋገርነው…» ብለው የተባባሉትን ጽፈው መልሰው ይላኩለት።